ዝቅ ያለ ተራራ፣ የበረታ ክረምት፦ ከስኮትላንድ ደጋ የጉዞ ማስታወሻ

ተራራን በሜትር ቁጥር ብቻ መመዘን የለመደ የኢትዮጵያ ደጋ ሰው ወደ ስኮትላንድ ሲሻገር ሚዛኑ ገና ከመነሻው ይስትበታል። የብሪታንያ ተራሮች ሁሉ የበላይ የሆነው ቤን ኔቪስ ከባሕር ወለል በላይ 1,345 ሜትር ብቻ ስለሆነ ከድሬዳዋ ከተማ ከፍታ እምብዛም አይበልጥም፤ ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸርማ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ራስ ዳሸንን በ4,550 ሜትሩ የሚያውቅ፣ ከደባርቅ ተነሥቶ እስከ ጨነቅ በእግሩ የተጓዘ መንገደኛ ይህን ቁጥር አንብቦ «ይህስ ኮረብታ ነው» ብሎ ቢደመድም የሚያስደንቅ አይሆንም። ነገር ግን በዚህ አነስተኛ ከፍታ ላይ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት፣ ሰውን ከመሬት አንሥቶ የሚጥል ነፋስ ይነፍሳል፤ በቂ ዝግጅት ያላደረገ ሰውም ከመኪና መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በብርድ ሊሞት ይችላል። ይህ ማስታወሻ ከግላስጎው ተነሥቶ በግሌንኮና በፎርት ዊልያም በኩል እስከ ኬርንጎርም አምባ የሚዘልቀውን መንገድ እየተከተለ፣ የዚያን አገር ተራራ የክረምት ጠባይና ነዋሪዎቹ ከጠባዩ ጋር ለመኖር ያበጁትን ሥርዓት ይመለከታል።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱና ስለ ብርሃኑ መናገር ያስፈልጋል። እዚህ ክረምት የተባለው የአውሮፓው ቀዝቃዛ ወቅት ሲሆን፣ በወር ቆጠራ ከኢትዮጵያ በጋ ጋር ይገጥማል። ገናና ጥምቀት በሚከበሩበት ሰሞን የስሜን ሰማይ ጥርት ያለ፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ቀን ግን ፀሐይ ታሞቃለች፤ እረኛውም ጠዋት በጋቢው ተጀቡኖ ይወጣና ረፋዱ ላይ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊው ደገኛ ብርድ የሌሊት ነገር ነው፤ ፀሐይ እስክትወጣ ከታገሡት ያልፋል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ57ኛው ዲግሪ ላይ በሚገኘው የስኮትላንድ ደጋ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ትወጣና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ የቀኑ ርዝመት ሰባት ሰዓት አይሞላም፤ ፀሐይዋም ከአድማሱ እምብዛም ከፍ ሳትል የተራራውን ጥግ ታክካ ስለምታልፍ ሙቀት አትሰጥም። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጉዞ ስሌት ዛሬም ይሠራበታል፤ በስሌቱ መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ደርሶ መልሱ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የቤን ኔቪስ መንገድ በዚህ ስሌት ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ዕረፍት፣ ነፋስና ጉልበት የሚደርስ በረዶ ሲጨመሩበት ግን የቀኑ ብርሃን ያልቃል። በግንባር የሚታሰር ባትሪ በእያንዳንዱ ተጓዥ ከረጢት ውስጥ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከግላስጎው ወደ ሰሜን የሚወስደው ጎዳና የሎክ ሎሞንድን ሐይቅ ዳርቻ ተከትሎ ይሄድና ራኖክ ሙር ወደሚባለው ሰፊ ረግረግ ይወጣል። ዛፍ የራቀው፣ ጥቁር ውኃ በየጉድጓዱ የተኛበት፣ ነፋስ ያለ ከልካይ የሚያልፍበት አገር ነው፤ የመንዝን ጓሳ ያየ ሰው በስፋቱ ያስታውሰዋል። መሬቱን የሸፈነው ሄዘር የተባለው ቁጥቋጦ በስሜን ተራሮች ላይ አስታ ተብሎ ከሚታወቀው ዛፍ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል፤ አስታ በስሜን ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ደን ሲሆን፣ የስኮትላንዱ ዘመዱ ከጉልበት ሳያልፍ መሬት ላይ ተጋድሞ ይኖራል። በሁለቱ መካከል የሚታየው የቁመት ልዩነት አየሩ በነዋሪው ላይ ምን ያህል እንደሚጫን ከብዙ ገለጻ በላይ ይናገራል።

ረግረጉ ሲያልቅ በሁለቱም ወገን ጥቁር ገደል የከበበው የግሌንኮ ሸለቆ ይከፈታል። በዚህ ስፍራ የክረምቱ አየር የታሪክ ተካፋይ ሆኗል። በ1691 እ.ኤ.አ. የንጉሥ ዊልያም መንግሥት የደጋው ጎሣ አለቆች ሁሉ እስከ ጥር 1 ቀን 1692 ድረስ የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽሙ አዘዘ። የግሌንኮው የማክዶናልድ ጎሣ ሽማግሌ አለቃ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ፎርት ዊልያም ቢሄዱም መሐላውን የሚቀበል ሥልጣን ያለው ሰው ስላላገኙ ወደ ሩቁ ኢንቨራሬይ ተላኩ፤ በክረምት መንገድ ተጉዘውም መሐላቸውን ጥር 6 ቀን ፈጸሙ። ቀነ ገደቡ ማለፉ ለቅጣት ሰበብ ሆነ። ወታደሮች ወደ ሸለቆው ተልከው ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ በጎሣው ቤት በእንግድነት በሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ፤ የካቲት 13 ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው 38 ያህል አስተናጋጆቻቸውን ገደሉ። ከጥይት ያመለጡት ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በሌሊት ልብሳቸው በበረዶው ላይ ወደ ተራራው ሲሸሹ ብዙዎቹ በብርድ አለቁ። የመሸበት መንገደኛ በር ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ ቤት ያፈራውን ቀምሶ የሚያድርበት ባህል ያሳደገው ሰው በዚህ ሸለቆ ሲያልፍ ልቡ የሚደማው በሟቾቹ ብዛት ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን የስኮትላንድ ሕግም በእምነት ሥር የተፈጸመን ግድያ ከተራ ግድያ የከፋ ወንጀል አድርጎ ይቈጥር ነበር፤ ብርድ በገዳይነት በሚታወቅበት አገር አንዱ ለሌላው ቤቱን መክፈቱ የሁሉም ሕይወት ዋስትና ስለሆነ፣ ይህን ዋስትና የሰበረ ሰው የጎዳው ጎሣውን ብቻ አልነበረም።

ከግሌንኮ ብዙም ሳይርቅ ፎርት ዊልያም ይገኛል፤ ከተማዋ ከባሕር ጋር እኩል ሆና በቤን ኔቪስ እግር ሥር ተቀምጣለች። የአገሩ አየር ለምን እንደሚከፋ የሚገባው እዚህ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በክረምት እርስ በርሳቸው እየተከታተሉ የሚፈጠሩ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያላቸው ሥርዓቶች ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ መጀመሪያ የሚገጥማቸው የምዕራብ ስኮትላንድ ተራራ ነው። እያንዳንዱ ሥርዓት በፊት ለፊቱ ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከኋላው ቀዝቃዛ አየር ይዞ ስለሚመጣ፣ ጠዋት በረዶ የጣለበት ጫፍ እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ሊወርድበት፣ ማታ ደግሞ ያው እርጥበት ወደ መስታወት መሰል ግግር ሊለወጥ ይችላል። ከተማዋ በዓመት ሁለት ሺህ ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ የተራራው ጫፍ አራት ሺህ ገደማ ያገኛል። አየሩ በየሺህ ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በከተማዋ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለካ ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ዲግሪ ይሆናል። ከባሕሩ የሚመጣው ሙቀት አገሩን ከሩሲያ ወይም ከካናዳ ዓይነት ጥልቅ ቅዝቃዜ ይጠብቀዋል፤ ዳሩ ግን ሙቀቱን በዜሮ ዙሪያ ስለሚያንሳፍፈው ከሁሉ የከፋውን ነገር፣ እርጥብ ብርድን ያመጣል።

እርጥብ ብርድ ከደረቅ ብርድ የተለየ ጠላት መሆኑን ለማስረዳት ከልብስ የተሻለ ማስረጃ የለም። በኢትዮጵያ ደጋ ለደረቁ ሌሊት የተፈተለው ጋቢ ጥጥ ነው፤ በስሜን ውርጭ ላይ ክብሩን ይጠብቃል፣ በስኮትላንድ ካፊያ ግን ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ የሰውነትንም ሙቀት እየሳበ ያወጣል። የስኮትላንድ ተራራ አስተማሪዎች ጀማሪውን መጀመሪያ የሚያስጠነቅቁት ጥጥ ሸሚዝና ጂንስ ሱሪ ለብሶ እንዳይወጣ ነው። የሱፍ ልብስ ግን እርጥበት ነክቶትም ሙቀት ይይዛል፤ ስለዚህ የደጋው ስኮትላንዳዊ በ17ኛው መቶ ዘመን ቀን በወገቡ የሚታጠቀው፣ ሌሊት ተጠቅልሎ የሚተኛበት ሰፊ የሱፍ ሸማ ነበረው። የመንዝ ሰውም ከበጉ ጠጉር ባና ሠርቶ ይለብሳል፣ በርኖስም ይደርባል፤ የመንዝ ደጋ ጭጋግና ዝናብ የሚበዛበት ብርዳም አገር በመሆኑ ምርጫው ከስኮትላንዱ ጋር ተገናኝቷል። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ለአንድ ዓይነት አየር አንድ ዓይነት መልስ መስጠታቸው፣ ባህል የሚባለው ነገር ምን ያህል ክፍሉ ከአየር ጠባይ ጋር የተደረገ ረጅም ድርድር እንደሆነ ያሳያል። ዛሬ የሱፉን ቦታ በከፊል ሰው ሠራሽ ጨርቅና ውኃ የማያስገባ መደረቢያ ቢወስዱትም መርሁ አልተለወጠም፤ ለቆዳ የቀረበው ልብስ ላብን ያሳልፋል፣ መካከለኛው ሙቀት ይይዛል፣ የላይኛው ነፋስና ዝናብ ይከለክላል።

በቤን ኔቪስ ጫፍ ላይ የድንጋይ ፍርስራሽ ይታያል። ይህ በ1883 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ በ1904 በገንዘብ እጦት የተዘጋው የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ቅሪት ነው። ከመከፈቱ ሁለት ዓመት በፊት ክሌመንት ራግ የተባለው ሰው በበጋው ወራት በየቀኑ እስከ ጫፉ እየወጣ ሙቀቱንና ግፊቱን ይለካ ነበር፤ ድካሙ የሕዝብ መዋጮ አስነሥቶ ጣቢያው ተሠራ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል ጥቂት ሰዎች ክረምትና በጋ እዚያው እየኖሩ በየሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ መሣሪያዎቻቸውን አንብበው ጻፉ፤ በረዶው የታችኛውን በር ሲደፍነው በላይኛው ግንብ በኩል ይወጡ ነበር። በኢትዮጵያ ገበሬው ዝናቡን በበዓላት ይለካዋል፤ ክረምቱ በሰኔ ይገባል፣ በመስቀል ይወጣል፤ አንዳንድ ዓመት ቢያዛባም ዑደቱ የታወቀ ነው። በዚህ ተራራ ላይ ግን እንዲህ ያለ የወቅት ቃል ኪዳን ስለሌለ፣ ሰዎቹ ያላቸው አማራጭ እያንዳንዱን ሰዓት በትዕግሥት መመዝገብ ነበር። ከእነሱ መካከል በ1894 ለጥቂት ጊዜ ተተክቶ የሠራው ወጣቱ ሲ. ቲ. አር. ዊልሰን፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ጥላው ከእግሩ በታች በተዘረጋው ደመና ላይ በቀለማት ቀለበት ተከቦ ሲወድቅ አየ። ይህን ክስተት በቤተ ሙከራ ለመድገም ሲጥር የፈጠረው የደመና ሣጥን፣ ማለትም ዓይን የማያያቸው የአቶም ቅንጣቶች በእንፋሎት ውስጥ ሲያልፉ ዱካቸውን የሚያሳይ መሣሪያ፣ በ1927 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ዳገቱ ላይ የሚጓዘው ዛሬ የሚረግጠው ጥርጊያ መንገድም በዋናነት ለጣቢያው ስንቅ የሚያመላልሱ ፈረሶች የወጡበት ነው።

የጫፉ ዋና አደጋ ከፍታው ሳይሆን አለማየት ነው። ደመናው ነጭ፣ መሬቱም ነጭ ሲሆን፣ በሰማይና በምድር መካከል ያለው መስመር ይጠፋል፤ ጥላ ስለሌለ ዳገትና ቁልቁለት አይለይም፣ ሰውየው ቆሞ እያለ የሚንቀሳቀስ፣ እየሄደ የቆመ ይመስለዋል። በቤን ኔቪስ አናት በሰሜን በኩል ብዙ መቶ ሜትር የሚወርድ ገደል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ፋይቭ ፊንገር የተባለው ብዙ ሰው የጨረሰ ፈፋ ይገኛል፤ መውረጃው በሁለቱ መካከል ያለ ጠባብ ቦታ ነው። ስለዚህ ከጫፉ ምልክት ተነሥቶ በካርታው ሰሜን መሠረት በ231 ዲግሪ 150 ሜትር ያህል፣ ከዚያ በ281 ዲግሪ መሄድ እንዳለበት ተራራውን በክረምት የሚወጣ ሰው ሁሉ በቃሉ ያጠናል፤ ኮምፓሱ የሚያመለክተው መግነጢሳዊ ሰሜን ከካርታው ሰሜን ጋር ያለውን ልዩነት አስልቶ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ይጓዛል። በገደሉ ጠርዝ ላይ ደግሞ ነፋሱ የገፋው በረዶ ወደ ባዶው አየር ተዘርግቶ የበረዶ ታዛ ይሠራል። ታዛው ከላይ ሲያዩት ጠንካራ መሬት ይመስላል፤ ሲሰበርም ከጠርዙ ወደ ኋላ ገብቶ ስለሚሰበር፣ ከጫፉ ራቅ ብሎ የቆመው እንኳ አብሮ ይወርዳል።

በረዶው ራሱ መነበብ ያለበት ነገር ነው። ነፋስ ከአንዱ ወገን ጠርጎ ወደ ሌላው ወገን የሚያከማቸው በረዶ ተደምድሞ ንጣፍ ይሠራል፤ ይህ ንጣፍ ከሥሩ ካለው ንብርብር ጋር ካልተያያዘ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃውና ተሰንጥቆ እንደ ናዳ ይወርዳል። ለዚህ ዓይነቱ ናዳ በጣም የሚመቸው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ዳገት ሲሆን፣ ይህም ተጓዦች በብዛት የሚመርጡት ዳገት ነው፤ በናዳ ከሚያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ናዳውን ያስነሡት ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው መሆናቸው ብዙ ያሳስባል። የስኮትላንድ የበረዶ ናዳ መረጃ አገልግሎት ግሌንኮን፣ ሎካበርን፣ ክሬግ ሜጊን፣ ቶሪደንን፣ ሰሜን ኬርንጎርምንና ደቡብ ኬርንጎርምን ከታኅሣሥ ጀምሮ ክረምቱን በሙሉ ይከታተላል። ባለሙያዎቹ ተራራው ላይ ወጥተው በረዶውን ቆፍረው ንብርብሩን ይመረምራሉ፤ የአደጋውንም መጠን ከዝቅተኛ እስከ እጅግ ከፍተኛ በአምስት ደረጃ ከፍለው፣ የትኛው አቅጣጫና የትኛው ከፍታ እንደሚያሰጋ ለሕዝብ ያለ ክፍያ ያሳውቃሉ። ከጫማ ሥር የሚታሰረው ባለ ጥርስ ብረት፣ ክራምፖን፣ እና የሚንሸራተት ሰው ራሱን የሚያቆምበት የበረዶ መጥረቢያ የግድ ቢሆኑም፣ ይህን መግለጫ ሳያነብ የወጣን ሰው አያድኑትም።

ከፎርት ዊልያም ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ የተራራው መልክ ይለወጣል። ሹል ጫፍና ጠባብ ሸለቆ አልቆ፣ ከኤቪሞር ከተማ በላይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ የተንጣለለው የኬርንጎርም አምባ ይጀምራል። በአምባ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ እርሻና ቤት ማየት የለመደ ዓይን እዚህ የሚያየው ድንጋይ፣ የድንጋይ ሽበትና በክረምት ላባዋን ነጭ የምታደርግ ቆቅ መሰል ወፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የነፋስ ግዛት ነው። በኬርንጎርም ጫፍ በ1,245 ሜትር ላይ የሄሪዮት ዋት ዩኒቨርሲቲ በ1977 እ.ኤ.አ. የተከለው ሰው አልባ ጣቢያ አለ፤ መሣሪያዎቹ በበረዶ እንዳይታሸጉ በሚሞቅ ሲሊንደር ውስጥ ተደብቀው በየግማሽ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቅ እያሉ ይለካሉ። መጋቢት 20 ቀን 1986 እዚህ የተመዘገበው ነፋስ በሰዓት 173 ማይል፣ ማለትም 278 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በብሪታንያ ከተለኩት ሁሉ የበለጠ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ እጥፍ ብቻ አያድግም፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድም ከሙቀት መለኪያው ይለያል፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሆነ አየር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ባዶ ፊትን ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ያህል ሆኖ ያቀዘቅዘዋል። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖሰርሚያ የተባለው ሕመም ይጀምራል፤ መንቀጥቀጥ፣ መሰናከልና ቃላትን ማደናገር ምልክቶቹ ናቸው። መንቀጥቀጡ ሳይሞቅ ከቆመ የመዳን ምልክት መስሎ ጓደኛን ያታልላል፤ በእውነቱ ግን የመባባሱ ምልክት ነው።

ይህ አምባ በኅዳር 1971 እ.ኤ.አ. የብሪታንያን ወላጆች ሁሉ ያስለቀሰ ሐዘን አስተናግዷል። ከኤዲንብራ የመጡ ስድስት የ15 ዓመት ተማሪዎች ከሁለት ወጣት መሪዎች ጋር ተጉዘው፣ አምባው ላይ በነበረ ትንሽ መጠለያ ለማደር አስበው ነበር፤ የበረዶ ማዕበሉ መጠለያውን ስለሰወረባቸው ሜዳ ላይ ለማደር ተገደዱ፤ አምስቱ ልጆችና ረዳት መሪያቸው ሞቱ። ከምርመራው በኋላ ተማሪዎችን ወደ ክረምት ተራራ የሚመሩ ሰዎች ሥልጠና ጠበቀ፤ ብዙ ክርክር ተካሂዶም በአምባው ላይ የነበሩት ከፍተኛ መጠለያዎች ፈረሱ። መጠለያን ማፍረስ ለሰሚው ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን በማዕበል ውስጥ የማይገኝ ቤት ሰውን ወደማይመለስበት ከፍታ ይስባል፤ ቤቱ ከሌለ ግን ተጓዡ ገና ሳይመሽ ወደ ታች ያስባል። ይህ ውሳኔ ትክክል እንደነበር መናገር ይቻላል።

ዝቅ ባሉት ሸለቆዎች ያሉት መጠለያዎች ግን ዛሬም ክፍት ናቸው። ቦቲ የሚባሉት እነዚህ ቤቶች ባለቤታቸው የማይኖርባቸው፣ በራቸው የማይቆለፍ የድሮ የእረኛና የአዳኝ ጎጆዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን በ1965 የተመሠረተ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ይጠግናቸዋል። ኬርንጎርምን ለሁለት በሚከፍለው በላይሪግ ግሩ መተላለፊያ ውስጥ ያለው የኮሩር ቦቲ ከእነሱ አንዱ ነው። መብራት፣ ውኃና አስተናጋጅ የለውም፤ የመጣው ሁሉ ይገባል፣ ቀድሞ የገባው ለዘገየው ቦታ ይለቃል፣ ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። በኢትዮጵያ እንግዳውን የሚቀበለው ሰው ነው፤ እዚህ ግን አስተናጋጁ ቤቱ ራሱ ሲሆን፣ እንግዶች እርስ በርሳቸው ይስተናገዳሉ። እንግዳው የሚበላው ምግብም እንግዳ አይሆንበትም፤ የአጃ ገንፎ በጨው፣ የገብስ ሾርባ ከበግ ሥጋ ጋር፣ በፔርሙዝ የተያዘ ትኩስ ሻይ ነው። ስንዴ በማይመች ደጋ የሚኖር ሕዝብ አጃና ገብስን አክብሮ ይይዛል፤ ይህ በስሜንም በመንዝም የታወቀ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው ልማድ መመለስን ማክበር ነው። ሰር ሂዩ ማንሮ በ1891 እ.ኤ.አ. ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ የሆኑትን የስኮትላንድ ተራሮች ዘርዝሮ ካሳተመ ወዲህ፣ ዛሬ 282 የሆኑትን እነዚህን ጫፎች መጨረስ የብዙ ሰዎች የዕድሜ ልክ ግብ ሆኗል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ያለው ሰው ለመመለስ ይከብደዋል፤ ጫፉ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደመናው ቢወርድ «ትንሽ ነው የቀረው» ይላል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ግን ከቤት ሳይወጡ የመመለሻውን ሰዓትና ቦታ ይወስናሉ፤ ሲመለሱም ማንም አያፍርባቸውም፣ በየመጠጥ ቤቱ የሚነገረውም ያልተደረሰበት ጫፍ ነው። ማንሮ ራሱ በ1919 ሲሞት ዝርዝሩን አልጨረሰም ነበር፤ ክብሩ ግን በዚህ አልጎደለም። በኢትዮጵያ ባህል ጀምሮ መመለስ ብዙ ጊዜ እንደ ድክመት ስለሚታይ፣ ከዚያ የመጣ ወጣት ከክራምፖኑ በፊት ሊማረው የሚገባው ይህን ይመስላል።

አየሩ ራሱም እየተለወጠ ነው። በብሬሪያክ ተራራ ጥላማ ጎድጓዳ ውስጥ በጋውንም ሳይቀልጥ የሚከርም አንድ የበረዶ ቁራጭ በ20ኛው መቶ ዘመን በሙሉ በ1933፣ በ1959ና በ1996 ብቻ መጥፋቱ ተመዝግቧል፤ ከ2017 ወዲህ ግን ደጋግሞ ጠፍቷል። በረዶው ማነሱ ተራራውን ያለዘበው የሚመስለው ይሳሳታል፤ መቅለጡና መልሶ መጋገሩ በፈጠነ መጠን ወለሉ ይበልጥ ያዳልጣል፣ ለመገመትም ይከብዳል።

ዛሬ በግላስጎውና በኤዲንብራ አማርኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸውም ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር 974 ሜትር ወደሆነው ወደ ቤን ሎሞንድና ከዚያም አልፈው ወደ ሌሎቹ ተራሮች መውጣት ይፈልጋሉ። ይህ መልካም ነው፤ የተራራ ልጆች በተራራ ቢደሰቱ ተገቢ ነው። ወላጆች ግን ከፍታውን አይተው አይናቁት። የሚወጣ ሰው በዋዜማው የሜት ኦፊስን ወይም የተራራ የአየር ሁኔታ መረጃ አገልግሎትን ትንበያ አንብቦ የጫፉን ነፋስና ውኃ የሚረጋበትን ከፍታ ይወቅ፤ የናዳውን መግለጫ ይመልከት፤ ጥጥ አይልበስ፤ ካርታ፣ ኮምፓስ፣ ባትሪና ፊሽካ ይያዝ፤ መንገዱንና የመመለሻ ሰዓቱን ለቤት ሰው ነግሮ ይሂድ። ችግር ከገጠመው በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ይንፋ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶም ይድገመው፤ ስልክ ካለው 999 ደውሎ መጀመሪያ ፖሊስን፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ቡድንን ይጠይቅ። የቡድኖቹ አባላት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚድነውንም ሰው ክፍያ አይጠይቁትም።